ያልተወራረደ ዱቤ፦ ስለ ኤራጎን የመጨረሻ መጽሐፍ

ሱቄ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ናት። ጠባብ ናት። አንድ ደንበኛ ቆሞ ሌላ ከመጣ በረንዳው ላይ ይጠብቃል። ስኳር፣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ የሞባይል ካርድ እሸጣለሁ። ከባንኮኒው ስር ሁለት ነገር አይጠፋም። አንዱ የዱቤ ደብተር ነው። ሌላው የማነበው መጽሐፍ።

ድሬ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ለማንበብ ጊዜ አያጣም። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እስከ አስር ሰዓት ገደማ ከተማው ጭር ይላል። ቆርቆሮው ይግላል። ግማሹ ሰው በርጫ ላይ ነው፣ ግማሹ ተኝቷል። በዚያ ሰዓት የሚመጣው ወይ ቀዝቃዛ ውሃ የጠማው የባጃጅ ሹፌር ነው፣ ወይ እናቱ የላከችው ልጅ። እኔ ማራገቢያውን ወደ ፊቴ አዙሬ አነባለሁ።

ኤራጎን የሚባለውን ባለ አራት መጽሐፍ የድራጎን ተረት ያነበብኩት እንዲህ ነው። አራቱንም። ዛሬ የምጽፈው ስለ አራተኛው ነው፣ ምክንያቱም አናዶኛል። ሦስቱን ባልወዳቸው ኖሮ አራተኛው አያናድደኝም ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ስለነሱ ላውራ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። መጨረሻውን እዘረግፈዋለሁ። ልታነቡት ያሰባችሁ ካላችሁ እዚህ ጋ ተመለሱ። የመጨረሻው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ስለሆነ ግን ቸኩሏል አትሉኝም። እኔ ጋ እስኪደርስ ነው የዘገየው።

የመጀመሪያውን የገዛሁት ከዚራ ሰፈር ነው። ዛፎቹ ጥላ ስር ሸራ አንጥፎ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው ነበር። አስረኛ ክፍል ነበርኩ። ከፊዚክስ አጋዥ መጻሕፍት መሃል አንድ ሰማያዊ ፊት አፈጠጠብኝ። የድራጎን ፊት ነው። አርባ ብር አለኝ፣ ተከራክሬ በሰላሳ ወሰድኩት። ቤት ስገባ እናቴ ሽፋኑን አይታ ክው አለች። "ይሄ ጊዮርጊስ የወጋው አይደለም እንዴ? ምን ሊያደርግልህ ነው ቤት ያስገባኸው?" አለችኝ። "ይሄኛው ጥሩ ነው እማዬ፣ ሰው ይረዳል" አልኳት። ጭራሽ ባሰባት። ቢያንስ ከሥዕሉ ፊት ለፊት እንዳላስቀምጠው አስማለችኝ። እስከ ዛሬ ሽፋኑን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የማስቀምጠው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ኤራጎን አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። አጎቱ ቤት የሚያድግ የገበሬ ልጅ። ተራራ ላይ ለአደን ወጥቶ አንድ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ድንጋይ ያገኛል። ድንጋዩን ወስዶ ሥጋ ሊገዛበት ይሞክራል። ባለ ሥጋ ቤቱ ከየት እንዳመጣው ሲሰማ አልቀበልም ይለዋል። ይሄን ሳነብ ወዲያው ወደድኩት። ብዙ ተረት ውስጥ ጀግናው አይርበውም። ይሄኛው ግን ድራጎን እጁ ላይ ይዞ ለእራት የሚሆን ሥጋ አጥቷል። ድንጋዩ እንቁላል ነበር። ሳፊራ የምትባል ሰማያዊ ድራጎን ትፈለፈልበታለች። ከዚያ የንጉሡ ሰዎች ይመጣሉ፣ አጎቱ ይሞታል፣ ልጁ ብሮም ከሚባል ተረት ከሚያወራ ሽማግሌ ጋር አገር ጥሎ ይወጣል። ንጉሡ ጋልባቶሪክስ ይባላል። የድራጎን ጋላቢዎችን ዘር ያጠፋ ነው።

ደራሲው ክሪስቶፈር ፓኦሊኒ ነው። አሜሪካዊ፣ የሞንታና ልጅ። መጻፍ ሲጀምር 15 ዓመቱ ነበር። ትምህርቱን የተማረው እቤቱ ነው። መጽሐፉን መጀመሪያ ያሳተሙት እሱና ቤተሰቡ ናቸው፣ እየዞሩም ሸጡት። ኋላ ትልቅ አሳታሚ ወስዶት እ.ኤ.አ. በ2003 እንደገና ወጣ። ይሄን ያወቅሁ ቀን ሄጄ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛሁ። እሱ በአሥራ አምስት ከጻፈ እኔ በአሥራ ስድስት ምን ያቅተኛል? የኔ ጀግና ደቻቱ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ሲጭን እንቁላል ያገኛል። ዘጠኝ ገጽ ሄድኩ። ከዚያ አለቀብኝ። ሱቁ ያኔ የአባቴ ነበር፣ አባቴ ደብተሩን አገኘውና ለዱቤ አደረገው። ዛሬም አለ። እንቁላሉ ሊፈለፈል ሲል ገጹ ያልቃል። የሚቀጥለው ገጽ ላይ "ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ ሁለት ሳሙና" ይላል።

እንግዲህ ስለ ዱቤ ካነሳሁ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይሄን ተከታታይ እንድወደው ያደረገኝ ድራጎኗ አይደለችም። ሂሳቡ ነው።

በኤራጎን ዓለም አስማት አለ፣ ግን ነፃ አይደለም። አንድን ነገር በአስማት ለመሥራት የሚያስፈልግህ ጉልበት በእጅህ ብትሠራው የሚፈጀውን ያህል ነው። ይሄን ለልጁ የሚያስተምረው ብሮም ነው። የኔን ሥራ አስቡት። አንድ ኩንታል ስኳር ከጋሪ አውርጄ ሱቅ ላስገባ። በቃል አዝዤ ባስገባውም ወገቤ ያው ይቆረጣል። ከአቅሜ በላይ ካዘዝኩ ደግሞ እሞታለሁ። ስንት ፊልም አይቻለሁ፣ ሰውየው እጁን ያወዛውዝና ተራራ ይንዳል፣ አያልበውም። እዚህ ያልባል። ፀጉሬን ያቆመው ይሄ ነው። ሌብነት የለም።

ቃሉም እንደዚያው ነው። አስማቱ የሚሠራው በአንድ ጥንታዊ ቋንቋ ነው። በዚያ ቋንቋ መዋሸት አይቻልም። መሳሳት ግን ይቻላል። ኤራጎን አንዲትን ሕፃን ይመርቃታል፣ ከመከራ የተጋረድሽ ሁኚ ሊላት። ቋንቋውን ገና አልጠነቀቀም። ቃሉን ያዛባና ለሌላው መከራ ጋሻ ሁኚ ብሏት ያርፋል። አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ይሄ ይገባናል። "ይመታል" ብላችሁ ጻፉ። መቺው ነው ተመቺው? ላልቶ ከተነበበ ሌላ፣ ጠብቆ ከተነበበ ሌላ። ሕፃኗ ኤልቫ ተመቺዋ ሆነች። የሰው ሁሉ ሕመም እሷ ላይ ያርፋል። በጥቂት ወራት ውስጥ ታድጋለች፣ በትልቅ ሰው ድምፅ ትናገራለች፣ ዓይኗን ሳስበው ዛሬም ይቀፈኛል። ኤራጎን ደግሞ ባየችው ቁጥር ያደረገውን ያያል። ይህ ነው መጽሐፍ! አንድ ፊደል ስተህ ሁለት መጽሐፍ ሙሉ የምትከፍልበት።

ሁለተኛው ቀይ ሽፋን አለው፣ ኤልደስት ይባላል፣ 2005። ከአንድ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተውሼ ነው ያነበብኩት። መለስኩለት፣ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ። ሦስተኛው ብሪሲንገር ነው፣ 2008፣ ወርቃማ። ይሄን በስልክ ነው የጨረስኩት፣ ዓይኔ እስኪቀላ። መጀመሪያ ተከታታዩ ሦስት ነበር የታሰበው። ታሪኩ አልበቃ ሲለው ነው አራት የሆነው። እኔ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ተጨማሪ መጽሐፍ ማን ይጠላል? አሁን ሳስበው ችግሩ እዚያው ሳይጀምር አልቀረም። ክፍያ ባራዘምክ ቁጥር መክፈሉ ይከብዳል።

አራተኛውን ለዓመታት ፈለግሁት። ውርስ ማለት ነው ስሙ፣ በእንግሊዝኛው ኢንኸሪታንስ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ አሮጌ መጽሐፍ ተራ አይቶት ፎቶ ላከልኝ። ስምንት መቶ ብር። ላኩለት። መጽሐፉ በአውቶቡስ በሰው እጅ መጣ። ጠርዙ በፕላስተር ተለጥፏል፣ ይሁን። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ከስምንት መቶ ገጽ በላይ ነው። እንደ ቀልድ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ከኪሎ አለፈ። ሽፋኑ ላይ አረንጓዴ ድራጎን አለ። ይሄን አረንጓዴ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በዚህ መሃል አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመቱ። እናቱ ማታ ማታ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ዘይትና ዱቄት ከኔ በዱቤ ትወስዳለች፣ ቅዳሜ ትከፍላለች። የሚላከው እሱ ነው። ካቻምና መብራት ጠፍቶ ሱቅ በር ላይ ቁጭ ብለን ሳለ ኤራጎንን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ከዚያ ወዲያ መውጫ አጣሁ። "ጋሼ ትናንት የት ጋ ነበር ያቆምነው?" እያለ በየማታው ይመጣል። ያቆምንበትን እሱ ከኔ በላይ ያውቃል። ስሙ ስላልያዘለት ሳፊራን ሰሚራ ይላታል። አሁን እኔም ተጋብቶብኝ መጽሐፉን ሳነብ ሰሚራ እያልኩ ነው።

አራተኛውን እያነበብኩ በየማታው ለሱ አወራለሁ። ስለዚህ ይሄ ግምገማ የሁለት ሰው ነው።

ጥሩውን ልናገር መጀመሪያ። ሮራን። የኤራጎን የአጎት ልጅ ነው። አስማት የለውም፣ ድራጎን የለውም፣ መዶሻ ነው ያለው። በሁለተኛው መጽሐፍ መንደሩን ሙሉ ነቅሎ ይዞ የተሰደደ ሰው ነው። በአራተኛውም ሮራን ያለበት ገጽ አይሰለችም። አንድ ከተማ እንዲይዝ ይላካል፣ ጊዜም ሠራዊትም የለውም። የሚያደርገው ምንድነው? በቦዩ ውሃ ይለቅባቸዋል። ጀልባ ላይ ድንጋይ ጭኖ ከውሃው ጋር ወደ በሩ ይሰደዋል። ይሄን ለልጁ ሳወራ አንድ ሁለት ሽማግሌ ከበረንዳው ጠጋ ብለው ሰሙ። ደቻቱን የሚያውቅ ሰው በጨለማ ውሃ ሲመጣ ምን እንደሚመስል አይነገረውም። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣውን ግን ድሬ አልረሳችውም። አንደኛው ሽማግሌ ብቻ "ከተማው ውስጥ የተኙት ምን አደረጉ?" አለ። ሮራንም ይሄን ጥያቄ ከራሱ አያጠፋም። ጥሩ ጽሑፍ ነው።

ናሱአዳም አለች። የአማፂዎቹ መሪ፣ በንጉሡ እጅ ትወድቃለች። ታስራ የምትሰቃይባቸው ምዕራፎች ከመጽሐፉ ሁሉ የበለጡ ናቸው። የንጉሡን ድምፅ ትሰማለች፣ ፊቱን አታይም። ሙርታግ ደግሞ፣ ያ በግድ የንጉሡ አሽከር የሆነው፣ በሷ ምክንያት ይለወጣል። በዚያ ዓለም ሰው እውነተኛ ስም አለው። ስሙን የያዘ ሰውየውን ይይዘዋል። ሰውየው ከልቡ ከተለወጠ ግን ስሙም ይለወጣል፣ ሰንሰለቱም ይበጠሳል። ሙርታግ እንዲህ ነው የሚፈታው። ይህን ደራሲው ጥርት አድርጎ ከፍሎታል።

አሁን ወደ ንዴቴ።

በመጀመሪያው መጽሐፍ ሶሌምበም የሚባል ፍጥረት አለ። ድመት ነው፣ ሲፈልግ ሰው ይሆናል። እኛ ጋ ሐረር በኩል ሰው ጅብ ይሆናል ይባላል፣ እዚያ ድመት ሰው ይሆናል፣ ያው ነው። ይሄ ድመት ለኤራጎን ሁለት ምክር ይሰጠዋል። መሣሪያ ስትፈልግ ከሜኖአ ዛፍ ሥር ፈልግ። ሁሉ ነገር የጨለመብህ ጊዜ ደግሞ ወደ ኩቲያን ቋጥኝ ሄደህ ስምህን ተናገር፣ የነፍሳቱ ግምጃ ቤት ይከፈትልሃል። ልጁ ይሄን በቃሉ ይዞታል። እኔም ከአሥር ዓመት በላይ ይዤው ነበር።

ዛፉ በሦስተኛው መጽሐፍ ይመጣል። እንስት ናት ዛፏ፣ ነፍስ አላት። ጥንት አንዲት ሴት ከዛፉ ጋር አንድ የሆነችበት ነው። ከሥሯ ከሰማይ የወደቀ ብረት አለ፣ ኤራጎን ለሰይፉ ይፈልገዋል። ሳፊራ ካልነቃሽ ብላ ትቧጭራታለች፣ ዛፏ በሥሮቿ ጠምጥማ ልትፈጃቸው ትደርሳለች። በመጨረሻ ብረቱን ትሰጣለች፣ ግን በምላሹ የምፈልገውን ትሰጠኛለህ ወይ ትለዋለች። ኤራጎን እሺ ይላል። ሳይጠይቅ! ምን እንደሆነ ሳያውቅ! እኔ ይሄን ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። እንዲህ ዓይነት ፊርማ የፈረመ ሰው አውቃለሁ፣ ቤቱን ነው የሸጠው። ልጁም ሲሰማ አፉን ይዞ "እግሩን ነው የምትወስደው" አለ። ቀጥሎ "አይ፣ ሰሚራን ነው" አለ። ለሳምንታት ዛፏ ምን ትወስድ ይሆን እያልን ተከራከርን። እናቱ እንኳ ሳምቡሳ እየጠበሰች "ልጅ ቢወልድ ልጁን ነው" ብላ ፈረደች።

አራተኛው መጽሐፍ ላይ ምንም። ዕዳው ሲከፈል አናይም። አንድ ጣቱን እንኳ አልነካችውም። መጽሐፉ በኪሎ የሚለካ ነው፣ ለእልፍኝ ወሬና ለመንገድ ስንት ገጽ ተሰጥቷል፣ ለዚህ ለትልቁ ቃል ኪዳን ግን ክብደት ያለው መልስ የለም። ልጁ "ዛፏ ምን ወሰደች?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። እየደበቅሁት መሰለውና መጽሐፉን ከእጄ ነጥቆ ገለበጠው፣ እንግሊዝኛ ሳይችል። ከዚያ ያለኝን አልረሳውም። "እንግዲያው እማዬ የወሰደችውን ዘይት እርሳዋ አቦ!"

ምን ልበለው? ልክ ነው። ሦስት መጽሐፍ ሙሉ ነፃ ነገር የለም ብሎ ያስተማረኝ ደራሲ እዚህ ጋ ደብተሩን ዘጋና ሄደ።

ሁለተኛው ምክር ደግሞ የባሰ ነው። ኤራጎን ጥንት ጋላቢዎቹ ይኖሩበት ወደነበረው ደሴት ይሄዳል። ቋጥኙን ለመክፈት እውነተኛ ስሙን ማወቅ አለበት። እዚህ ላይ ደራሲውን አመሰግናለሁ። ኤራጎን ቀናት ሙሉ ራሱን ሲመረምር፣ ያፈረበትን ሁሉ ሲያነሳ፣ ስሙን ሲያገኝም ደስ ሳይለው ነው የሚቀረው። ስሙን ለኛ አይነግሩንም። ይሄ አልከፋኝም፣ የሰው ገመና ነው። ግን ቋጥኙ ሲከፈት ውስጡ ምን አለ? የተደበቁ የድራጎን ልቦች። ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ እንደተማርነው ድራጎን ሥጋው ቢሞትም ሐሳቡንና ጉልበቱን የምታቆይ የልብ ልብ አለችው። ንጉሡ የማይቻለው ብዙ እንዲህ ዓይነት ልብ ዘርፎ ስለያዘ ነው። ታዲያ የኤራጎን መፍትሔ ምን ሆነ? እሱም ብዙ ልብ አገኘ። የተቀመጠለት።

ይሄ በኛ ሥራ እንዲህ ነው። አንድ ቸርቻሪ አለ፣ ፊት ለፊቱ ትልቅ ጅምላ ሻጭ ተከፍቶበታል። ሦስት መጽሐፍ ሙሉ እንዴት እንደሚቋቋመው እናያለን፣ ይለፋል፣ ይከስራል፣ ይማራል። በመጨረሻ የሞተ አጎት መጋዘን አውርሶት ነገሩ አለቀ። የመጽሐፉ ስም ውርስ ነው ለካ! ሌላው ደግሞ፣ ይሄን የሚያህል ቦታ ለምን ማንም አላነሳውም ብላችሁ እንዳትጠይቁ ማብራሪያ አለው። ስለ ቋጥኙ የሰማ ሰው ሁሉ ወዲያው እንዲረሳ አስማት ተደርጎበታል፣ ከኤራጎንና ከሳፊራ በቀር። ልጁ ይሄን ሲሰማ ሳቀ። "እኔም የቤት ሥራ እንዲህ ነው የምረሳው" አለ።

ከዚያ ንጉሡ። ጋልባቶሪክስን ፊት ለፊት የምናየው አራተኛው መጽሐፍ ላይ ነው። ሲመጣ ደግሞ አያሳፍርም። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ነገር ያውቃል፣ የሚለው ውስጥ እውነት አለበት። የጥንታዊውን ቋንቋ ስም ራሱን አግኝቷል፣ ቃል ሁሉ በእጁ ነው። በአስማት ልትነካው አትችልም። ዙፋኑ አጠገብ ሁለት ሕፃናት አስይዞ አቁሟል። ላቤ መጣ። እንዴት ሊወጣ ነው አልኩ።

እንዲህ ወጣ። ሙርታግ ያንን ስም ተናግሮ ንጉሡን ከመከላከያው ያራቁተዋል። ይሄ ጥሩ። ኤራጎን ደግሞ ያለ ቃል አስማት ይሠራል። ቃል የለም፣ ስሜት ብቻ። ንጉሡ ያደረሰውን ሕመም ሁሉ እንዲረዳው ይመኝለታል፣ ንጉሡም ይረዳዋል፣ አይችለውም፣ ራሱን ያጠፋል። ሐሳቡ ያምራል። እውነቴን ነው። በሰይፍ ከመግደል ይሻላል። ኤልቫ የሰውን ሕመም እንደተሸከመች እሱም ተሸከመ፣ ያ ደስ ይላል። ግን አራት መጽሐፍ ስለ ቃል ጥንቃቄ ሲነገረን ኖሮ፣ በአንድ ፊደል ሕፃን ስትበላሽ አይተን፣ በመጨረሻ ቃል አያስፈልግም ለካ? አንድ ክፉ ንጉሥ በሁለት ገጽ ውስጥ ተጸጽቶ አለቀ። ልጁ "አለቀ?" አለ። "አለቀ" አልኩት። "ታዲያ ይሄን ያህል ገጽ የቀረው ምን ሊባል ነው?" አለ፣ ጣቱን መሃሉ ላይ ከትቶ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ንጉሡ ከሞተ በኋላ መጽሐፉ ይቀጥላል። ማን ይንገሥ፣ ማን የት ይሂድ፣ ማን ከማን ይታረቅ። እዚህ ጋ ማራገቢያውም ሥራውን ተወ፣ እኔም ተኛሁ።

አረንጓዴውን አልረሳሁም። ንጉሡ ጋ አንድ ያልተፈለፈለ አረንጓዴ እንቁላል እንዳለ ከድሮ እናውቃለን። ለማን ይፈለፈል ይሆን የሚለው የአንባቢው ሁሉ ጥያቄ ነበር። ለአርያ ነው የተፈለፈለው፣ ኤራጎን ለሚወዳት ለኤልፏ፣ ኤልፍ ማለት ሰው የሚመስል ግን ሰው ያልሆነ ዘር ነው። እሺ፣ ደስ ይለናል። ግን የት ተፈለፈለ? እኛ በሌለንበት! አርያ ይዛው ትሄዳለች፣ ስትመለስ ድራጎኑ ላይ ተቀምጣ ነው። የሳፊራን መፈልፈል በመጀመሪያው መጽሐፍ እንዴት እንደተጻፈ ያነበበ ሰው ይሄን እንዴት ይቅር ይላል? ለሠርጉ ጠርተውን ሲያበቃ የምሳ ሳህኑ ከታጠበ በኋላ በሩን እንደከፈቱልን ነው። ሽፋኑ ላይ ደግሞ አረንጓዴው ድራጎን ተኮፍሶ ተቀምጧል። መጋረጃ ላይ ሥዕሉን ሰቅለህ መድረኩ ላይ ሳታሳየኝ ትቀራለህ?

መለያየቱስ። በመጀመሪያው መጽሐፍ አንጀላ የምትባል መድኃኒት አዋቂ ለኤራጎን ዕጣውን አይታለት ነበር። ከዚህ አገር ለዘላለም ትወጣለህ ብላዋለች። እናም ይወጣል። አዳዲስ ድራጎኖችን የሚያሳድግበት ሰፊ ቦታ እዚህ የለም ይባላል፣ መርከብ ላይ ይሳፈራል፣ ሮራንን ይሰናበታል፣ ከአርያ ጋር እውነተኛ ስማቸውን ተነጋግረው ይለያያሉ። ገጹ አሳዛኝ ነው፣ አልክድም። ግን ልጁ አንድ ነገር ጠየቀኝና ሐዘኔን አጠፋብኝ። "ሰሚራ ትበራለች አይደል? ለምን ለበዓል አይመጣም?"

እስቲ እናንተ መልሱለት። ድሬ ውስጥ ሰው ያልሄደበት ቤት የለም። ጅቡቲ ያለው አለ፣ ሳዑዲ ያለው አለ፣ አሜሪካ ያለው አለ። የመሄድን ነገር ማንም አያስተምረንም። ግን የሄደ ሰው ይደውላል። ብር ባይልክ ፎቶ ይልካል። ለአረፋ ወይ ለገና ሻንጣ ጎትቶ ይመጣል። ድራጎን የሌላቸው ሰዎች እንኳ ይመጣሉ! ኤራጎን ድራጎን ይዞ አይመለስም፣ ትንቢት ስላለ። የሚገርመው ይሄ ነው። ደራሲው የዛፏን ዕዳ ረሳና የጠንቋይዋን ዕዳ እስከ ሳንቲሟ ከፈለ። ያውም በሰውየው ሕይወት።

ተረት ስናወራ መጨረሻ ላይ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" እንላለን። ልጅ ሆኜ ትርጉሙ ግር ይለኝ ነበር። ያን ማታ ሱቅ በር ላይ የመጨረሻውን ገጽ አውርቼ ስጨርስ ልጁ እንዳላለቀ ዓይነት ጠበቀኝ። ዳቦ የለም፣ ምንም የለም። "በቃ?" አለ። "በቃ" አልኩት። እናቱ ጠራችው።

እንግዲህ ግዙት አትግዙት ለምትሉኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ካገኛችሁ ያለ ጥያቄ ግዙ፣ በተለይ ለልጅ የምታነቡ ከሆነ። እንግሊዝኛው የሚከብድ አይደለም፣ መጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ደራሲው ልጅ ስለነበር ዓረፍተ ነገሩም የልጅ ነው፣ ቀስ ብሎ አብሯችሁ ያድጋል። አራተኛውን አትለፉት ማለት አልችልም፣ ሦስት ያነበበ ሰው አራተኛውን ሳያነብ አያድርም። ግን ስምንት መቶ ብር አታውጡበት። ተዋሱ። ንጉሡ ሲሞት ዝጉት፣ ወይም የሮራንንና የናሱአዳን ምዕራፎች ብቻ እየመረጣችሁ አንብቡ። ፊልም አለው በ2006 የወጣ፣ እሱን ግን እንዳታዩ፣ በኔ ይሁንባችሁ።

ደራሲው በ2023 ወደዚያው ዓለም ተመልሶ ስለ ሙርታግ መጽሐፍ አውጥቷል። እስካሁን እጄ አልገባም። ጓደኛዬን እንዲፈልግልኝ ነግሬዋለሁ። አውቃለሁ፣ ሞኝነት ነው። ያልከፈለ ደንበኛ ሲመለስ እንደገና ዱቤ የምሰጥ ዓይነት ሰው ነኝ፣ ሚስቴ በዚህ ነው የምትጨቀጭቀኝ።

ልጁ ትናንት ለዘይት ተልኮ መጣ። ግማሽ ሊትር ቀዳሁለት። አልሄደም። የመደርደሪያውን ጥግ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረውን መጽሐፍ አየ። "የመጀመሪያውን ስጠኝ፣ ራሴ አነበዋለሁ" አለኝ። እንግሊዝኛው ገና ነው፣ ስድስተኛ ክፍል ነው። "መቼ ትመልሳለህ?" አልኩት። "ሳነበው" አለ። ሰጠሁት። ደብተሩን አወጣሁና ከእናቱ ግማሽ ሊትር ዘይት በታች ጻፍኩበት፦ ኤራጎን፣ አንድ፣ ሰማያዊው።